ፍሪሜሶን አንድ የዓለም አለቃ አለው እንዴ?

ጥያቄ፦ ፍሪሜሶን የሚባለውን የወንድማማችነት ማኅበር አባላት ከላይ ሆኖ የሚያዛቸው አንድ ሰው አለ ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ የለም! እንደ ቫቲካን ያለ ማዕከል የላቸውም። መሠረቱ ሎጅ የሚባለው የየአካባቢው ስብስብ ነው፣ አዲስ አባል ተቀብሎ በ3 ደረጃ የሚያሳድገው እሱ ነው፣ ሰብሳቢውም አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ይቀየራል፣ በር ላይ ደግሞ ሰይፍ ይዞ የሚቆም ጠባቂ አላቸው (ይሄ ነገር እኔን ሁሌ ያስቀኛል)። ሎጆቹን የሚያስተዳድረው ግራንድ ሎጅ ነው፤ የእንግሊዙ እ.ኤ.አ. በ1813 ሁለት ተቀናቃኞች ተዋህደው የመጣ ነው፣ አሜሪካ ግን አገር አቀፍ የሚባል የለም፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ አለው። አንዱ ሌላውን ማዘዝ አይችልም፣ እውቅና መንሳት ግን ይችላል፤ የፈረንሳዩ ግራንድ ኦሪየንት (እሱም እንደ ግራንድ ሎጅ ሎጆችን የሚያስተዳድር ነው) እ.ኤ.አ. በ1877 በፈጣሪ ማመን ግዴታ አይደለም ብሎ ሲወስን እንግሊዞቹ እውቅና ነሱት፣ እስካሁንም አልታረቁም።