የቴክኖ ሥር ከየት ነው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቴክኖ የጀርመኖች ሙዚቃ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የተወለደው አሜሪካ፣ ዲትሮይት ነው። የጀመሩት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰን ከከተማዋ ወጣ ባለችው ቤልቪል አብረው የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። የጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን የክራፍትቨርክ ውለታ ትልቅ ቢሆንም፣ ወገብ የሚያስነቀንቀው ነገር የመጣው ከፋንክ (የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ) እና ከዲስኮ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክራፍትቨርክን እዚያ ማን አሰማቸው?

መልስ፦ ሬዲዮ። ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ የሚባለው አቅራቢ «የጥቁር ጣቢያ፣ የነጭ ጣቢያ» የሚለውን ክፍፍል ትቶ ክራፍትቨርክን፣ ፕሪንስንና የፋንክ ባንዱን ፓርላመንትን በአንድ ምሽት ያጫውት ነበር።

ጥያቄ፦ ፋንኩ የቱ ጋ ነው? እኔ ማሽን ብቻ ነው የሚሰማኝ።

መልስ፦ ቤዙን (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ) ስማ። በ1977 በፓርላመንት «ፍላሽ ላይት» ላይ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በርኒ ዎረል ቤዙን የተጫወተው በጊታር ሳይሆን በሚኒሙግ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ በሚፈጥር ኪቦርድ) ነው። ማሽንም ፋንክ መጫወት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ» ቤዝ እንዴት ነው እንደዚያ የሚሮጠው? ልሠራው ሞክሬ ጭቃ ሆነብኝ።

መልስ፦ ፕሮዲውሰሩ ጆርጂዮ ሞሮደር በ1977 የወጣውን ይህን ዘፈን ሙኒክ ውስጥ ሲቀዳው ዘዴው ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም መሣሪያ) ነበር፤ ዋናው ኖታ በአንድ ጆሮ፣ ማሚቶው በሌላው። በ125 ቢፒኤም (በደቂቃ 125 ምት) እንዲህ ሞክር፦ ቤዙን በስምንተኛ ኖታ ጻፍ (በየ240 ሚሊሰከንዱ አንድ)፣ ዲሌዩን 120 ሚሊሰከንድ ላይ አድርግ፣ ዋናውን ወደ ግራ፣ ማሚቶውን ወደ ቀኝ፣ ድምፃቸውንም እኩል። ፊድባክ (ማሚቶው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚወስነው) ዜሮ ይሁን። ጭቃ ያደረገብህ ይኸው ፊድባክ ይመስለኛል፤ ማሚቶው ሲደጋገም ቀጣዮቹ ኖታዎች ላይ ይደራረባል። ዲሌዩን 240 ካደረግከው ደግሞ ማሚቶው ቀጣዩ ኖታ ላይ ስለሚያርፍ ሩጫው ይጠፋል። በነገራችን ላይ ኪኩ (የትልቁ ከበሮ ምት) የማሽን አይደለም፤ ከበሮ መቺው ኪት ፎርሲ በእግሩ የመታው ነው።

ጥያቄ፦ ዲትሮይቶቹ ሀውስ ከሚባለው የቺካጎ ዳንስ ሙዚቃስ ምን ወሰዱ?

መልስ፦ ቀጥ ያለውን አራት ምት። ሜይ ቺካጎ እየተመላለሰ ዲጄዎቹን ፍራንኪ ናክልስንና ሮን ሃርዲን ይሰማ ነበር፤ ለናክልስ ቲአር-909 የሚባለውን የከበሮ ማሽን የሸጠለትም እሱ ነው። የአትኪንስ ቡድን ሳይቦትሮን በ1983 ያወጣው «ክሊር» ግን ገና ቀጥ ያላለ፣ የተሰባበረ የኤሌክትሮ (በማሽን የሚሠራ ፋንክ) ምት ነው።

ጥያቄ፦ መነሻ የሚሆን የ909 ምት?

መልስ፦ አንዱ ዙር ከሚከፈልባቸው 16 ደረጃዎች ኪክ 1፣ 5፣ 9፣ 13፤ ክላፕ (የጭብጨባ ድምፅ) 5 እና 13፤ ክፍት ሃይ ሃት (የሚጮኸው ጥንድ ጸናጽል) 3፣ 7፣ 11፣ 15፤ ዝግ ሃይ ሃት በቀሩት ላይ። በኮምፒውተር ስትሠራ ዝጉ ክፍቱን እንዲቆርጠው ሁለቱን በአንድ ቾክ ግሩፕ አስራቸው፤ ካልሆነ ፉጨቱ አያባራም።

ጥያቄ፦ ያ የሚያሳዝነው የቴክኖ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ምንድን ነው?

መልስ፦ ማይነር ሰቨን ነው፦ ከመነሻው 0፣ 3፣ 7፣ 10 ሰሚቶን (በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ያለው ርቀት)። አራቱን ኖታዎች በአንድ ሳምፕል (አጭር የተቀዳ ድምፅ) ቅዳና በአንድ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው። የሙዚቃውን ቁልፍ (ኪይ) ጠብቀህ በአሥር ጣት ካስተካከልከው የቤተክርስቲያን ኦርጋን ይመስልብሃል፤ ውበቱ ቅርጹ ሳይለወጥ መንሸራተቱ ነው።

ጥያቄ፦ «ቴክኖ» የሚለውን ስም ማን አወጣው?

መልስ፦ አትኪንስ ቃሉን ያገኘው ስለ መጪው ዘመን ከጻፈው ከአልቪን ቶፍለር ጽሑፍ ነው። በ1988 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የዲትሮይት ሙዚቃ ስብስብ አልበም መጀመሪያ «የዲትሮይት ሀውስ» በሚል ስም ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ አትኪንስ «ቴክኖ ሙዚክ» የሚል ሥራ ይዞ ሲመጣ የአልበሙ ስም ተቀየረ።