መልስ፦ በንጉሡ ዘመን አንድ የምርጫ ክልል ስንት የፓርላማ እንደራሴ ነበረው?
ወንድሜ፣ «እኛ አዳማዎች ናዝሬት በምንባልበት በንጉሡ ጊዜም ለአንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ባብዛኛው አልነበረም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አገሪቱ 200 ሺህ ያህል ሰው ባላቸው የምርጫ ክልሎች ትከፈልና እያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ለብቻው አንድ እንደራሴ የሚያገኘው ነዋሪው ከ30 ሺህ የበለጠ ከተማ ነበር። ከዚያ በላይ ላለው ለየ50 ሺው አንድ ይጨመርለት ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። 21 ዓመት የሞላው ይመርጥ ነበር። ለመመረጥ ግን እዚያው ክልል ንብረት ያስፈልግ ነበር። እስቲ አስበው፣ ወንጂ አገዳ ሲቆርጥ የሚውል ምስኪን ምን ንብረት አለው? ፓርቲ የሚባልም አልነበረም።

ለአንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ የሚለው የዛሬው አሠራር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጸና ነው።