የተቀበልሽበትን ቀን ጻፊበት

«ባሕር ዳር ነው የምሠራው። በዲሲፕሊን አሰናበቱኝ። ይግባኝ ልበል ወይስ ትቼው ሌላ ሥራ ልፈልግ? ጠበቃስ የግድ ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ንብረት ክፍል ነበርኩ። አራት የመኪና ጎማ ጎደለ ተባለ። ጎማዎቹ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ማድረጊያ ደረሰኝ፣ ወጥተዋል፤ የተረከበው ሰው ፊርማም አለ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የደረሰኙን ጥራዝ ገልጦ እንኳ አላየም። ምስክሮቼንም አልሰማም። ኃላፊው ፈረመ፣ አለቀ።

ደብዳቤውን ስቀበል እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀን ሳልጽፍ ፈረምኩ። በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ግን እጄ ከገባበት በ19 ቀን ይቀድማል። ይግባኝ ስል የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ የመጀመሪያ መቃወሚያ ምን ሆነ መሰለሽ? «የይግባኝ ጊዜው አልፎበታል።» ያዳነኝ የተላላኪያችን የደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተር ነው። እሷ ቀን ሳታስጽፍ ወረቀት አትሰጥም ነበር። ሁላችንም «ነዝናዛ» እንላት ነበር! ስለዚህ የደረሰሽን ቀን ዛሬውኑ መዝግቢ። ከክሱ ጀምሮ የሁሉም ወረቀት ኮፒ ቤትሽ ይኑር። ከወጣሽ በኋላ የግል ማህደርሽን ማየት ቀላል አይሆንም።

በእኔ ጊዜ የሚሠራበት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ነበር። የክልል ሠራተኛ ከሆንሽ ክልሉ የራሱ አዋጅ አለው፤ የይግባኙን ቀን ከዚያ ላይ ቁጠሪ። የእኔ መዝገብ አዲስ አበባ ነበር፣ በመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት። ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ሌሊት 10 ሰዓት መነኻሪያ እደርሳለሁ። ዓባይ በረሃን አቋርጬ፣ 565 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ ችሎቱ «መልስ ሰጪ (መሥሪያ ቤቱ ማለት ነው) ሰነድ ያቅርብ» ብሎ በአምስት ደቂቃ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠኛል።

እዚያ ያለ ጠበቃ ተከራከርኩ። ግን አንድ ጅልነት ሠራሁ። የንብረት ቆጠራውን ቃለ ጉባኤ «ለበላይ ፍርድ ቤት» ብዬ አስቀመጥኩት። የፍሬ ነገሩ ክርክር የሚያልቀው የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ የምትከራከሪው በሕግ ስህተት ላይ ብቻ ነው። እንደ እኔ ማስረጃ አትደብቂ። ጠበቃ የያዝኩት መሥሪያ ቤቱ ይግባኝ ሲል ነው፤ ወጪው ቢያመኝም ተገቢ ነበር።

ረታሁ። ይግባኙ ላይም ጸናልኝ። መሥሪያ ቤቱ የሕግ ስህተት አለ ብሎ ሰበር ችሎት ሄደ፤ «አያስቀርብም» ተባለ፣ ማለትም አቤቱታው ሳይታይ ተዘጋ። ደስ ብሎኝ ውሳኔውን ይዤ ብሄድ «መደቡ ተይዟል» አሉኝ። ፍርዱ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቼ ነው ወደ ሥራ የተመለስኩት። ውዝፍ ደመወዜም ያለ ወለድ ተከፈለኝ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ፈጀ።

እስከዚያ አባይ ማዶ ሰፈር የሰው ባጃጅ ይዤ እሠራ ነበር፤ ማታ ለባለቤቱ ገቢውን አስረክቤ የተረፈችውን ይዤ እገባለሁ። ባለቤቴ ባትሠራ ኖሮ መሃል ላይ እተወው ነበር። ስለዚህ ይግባኙንም በይ፣ ሥራም ፈልጊ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። እልህ ብቻ ይዘሽ ማስረጃ ከሌለሽ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለትራንስፖርቱ ብታዝኚ ይሻላል።

ደብዳቤሽ ላይ ምን ጥፋት እንደተጠቀሰና መቼ እንደደረሰሽ ጻፊልን። ፎቶውን ከለጠፍሽ ስምሽንና ማኅተሙን ሸፍኚው።