ካምቢዮው ተቀየረ፣ ሽቦውስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የምፅፍልዎ ከደሴ ነው። የአባቴ 60 ላንድክሩዘር አለኝ፣ ዲዝል ነው፣ 2ኤች ሞተር፣ ባለ 4 ማርሽ። ካምቢዮው ዓመት ሙሉ ሲጮህ ከርሞ በመጨረሻ 3ኛ አልገባም አለ፣ እኔም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ከነትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ገዛሁ፣ ትራንስፈሩ ደሞ ፎር ዊሉ በበተን የሚገባው አይነት ነው፣ በተኑንና በኤሌክትሪክ የቫኪዩሙን መስመር የሚከፍቱትን ቫልቮችም አብረው ሰጡኝ። መካኒኩ ገጠመው፣ ማርሹ እግዚአብሔር ይመስገን ቅቤ ነው። ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። ኋላ ማርሽ ሳስገባ ዳሽቦርድ ላይ የፎር ዊሉ መብራት ይበራል! በተኑን ስጫን ደሞ ፎር ዊል አይገባም፣ መካኒኩ ቫልቩን ዘሎ የቫኪዩም ቱቦውን በቀጥታ ሲሰካው ግን ይገባል፣ ሲገባ ደሞ ከኋላ ነጩ መብራት ቦግ ይላል። ወደ ወረኢሉ ስሄድ ኮረኮንቹ ላይ ሁለቴ ፊውዝ ተቃጠለብኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ጥቁሩ ሽቦ ነጌቲቭ ነው እያለ ሲሞክር ቆይቶ አሁን የመኪናው ሽቦ በሙሉ ይቀየር ይለኛል፣ የጠየቀኝ ብር ደሞ ካምቢዮውን ከገዛሁበት ብዙም አያንስም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽቦው በሙሉ አይቀየርም፣ ብርህን ያዝ። የነገርከኝ ምልክት ራሱ መልሱን ይዟል፣ በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የፃፍከው።

ካምቢዮው ጎን ላይ አንድ ስዊች አለ፣ ኋላ ማርሽ ሲገባ ይገናኛል፣ እሱ የኋላ ነጩን መብራት ነው የሚያበራው። ትራንስፈሩ ላይ ደሞ ሌላ ስዊች አለ፣ ፎር ዊል ሲገባ ይገናኛል፣ እሱ የዳሽቦርዱን መብራት ያበራል። ሁለቱም ባለ ሁለት ሽቦ ናቸው፣ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጭቃና ግሪስ ከለበሱ በኋላ ደሞ ጭራሽ አይለዩም። ያንተ ላይ የአንዱ ሶኬት ከሌላው ጋ ተሰክቷል፣ በቃ። ለዛ ነው ኋላ ማርሽ ስታስገባ የፎር ዊሉ መብራት፣ ፎር ዊል ስታስገባ የኋላው መብራት የሚበራው። ሁለቱን አቀያይር፣ ይስተካከላል።

እስኪስተካከል ግን እንዲሁ አትንዳው። የኋላው መብራት አምፖል አንዱ 21 ዋት ነው፣ ሁለቱ 42 ዋት፣ በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ማለት ነው፣ ትራንስፈሩ ላይ ያለው ስዊች ግን የተሰራው ለዳሽቦርድ ትንሽ አምፖል ስለሆነ ከቆየ ውስጡ ይቃጠላል። ከሱ በላይ የሚያሳስበኝ ደሞ ኋላህ ያለው ሰው ነው፣ ወደ ኋላ ስትመጣ መብራት ከሌለ ህፃን ልጅ እንኳን ቢኖር በምን ያውቃል?

ስታቀያይር ግን የሁለቱ አሰራር አንድ እንዳልሆነ እወቅ፣ ኤሌክትሪሺያንህም እዚ ጋ ነው የተሳሳተው ብዬ አስባለሁ። የኋላ ማርሹ ስዊች ላይ የሚመጣው ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት ፖዘቲቭ ይዞ ነው የሚመጣው፣ በስዊቹ አልፎ ወደ አምፖሎቹ ይሄዳል፣ አምፖሎቹ ነጌቲቫቸውን እዛው ቦዲ ላይ ያገኛሉ። የፎር ዊሉ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ፖዘቲቩ ከላይ አምፖሉ ጋ ነው ያለው፣ ስዊቹ የሚሰጠው ነጌቲቭ ነው። እና አንድ ሰው ሁለቱም እንደ ፎር ዊሉ ናቸው ብሎ የኋላ ማርሹን ስዊች አንድ እግር ቦዲ ላይ ካሰረው፣ ኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር ፊውዙ ይሄዳል።

ጥቁር ሽቦ ነጌቲቭ ነው የሚባለውን ነገር ለቤት ሬዲዮ ተዉት። የነዚህ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ነጌቲቩ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ነው፣ ጥቁሩና ጥቁር ላይ መስመር ያለባቸው ደሞ ብዙ ጊዜ ከቁልፉ የሚመጣ ፖዘቲቭ ናቸው። ግን እሱንም በቀለም አትመን፣ 30 እና 40 ዓመት የኖረ መኪና ላይ ስንት እጅ እንደገባ ማን ያውቃል። ቴስተር ያዝ፣ ሶኬቶቹን ንቀል፣ ቁልፉን ክፈት፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ አስረህ እያንዳንዱን ሽቦ ለካ። ከዛ ቁልፉን ዝጋና ስዊቾቹን ራሳቸውን ለካ፣ ኦም ላይ አድርገህ አንድ ሰው ማርሽ ያስገባልህ፣ ሲያስገባ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፣ ሲያወጣ መከፈት አለበት። ይሄ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ስታውቀው ደሞ ወረቀት ፕላስተር ላይ ፃፍና ሽቦው ላይ ለጥፍ። እኔ እስካሁን ሳልለጥፍ አንድ ሶኬት አልነቅልም።

ኮረኮንች ላይ ብቻ የሚቃጠለው ፊውዝ ግን ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል። ባለ 5ቱ ካምቢዮ ከባለ 4ቱ ይረዝማል፣ ስለዚህ ትራንስፈሩ ወደ ኋላ ይሄዳል (መካኒክህ የኋላውን ፕሮፔለር አሳጥሮ የፊቱን አስረዝሞ ይሆናል፣ ምክንያቱ እሱ ነው)። የድሮው ሽቦ ደሞ በድሮው ልክ ነው የተቆረጠው። እና ሲገጥሙት ይጎትቱታል፣ ተወጥሮ የካምቢዮው ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ ወይ ወደ ጭስ ማውጫው ይጠጋል፣ ወይ ከላይ በካምቢዮውና በወለሉ መሀል ይቆነጠጣል። አስፋልት ላይ ምንም አይልም፣ መኪናው ሲዘል ግን የተላጠው ቦታ ብረት ይነካና ፊውዙ ይሄዳል። ወለሉን ክፈትና በእጅህ ዳብስ፣ በአይን የማይታይ በጣት ይታወቃል። ስታስረዝመው በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ቀጥል፣ በሊድ በየደው፣ በላዩ በእሳት የሚኮማተረውን ፕላስቲክ አልብሰው፣ ዝም ብሎ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እዛ ሙቀትና ዘይት ውስጥ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ሞተርና ካምቢዮ ይወዛወዛሉ፣ ስለዚህ ሽቦው ትንሽ ላላ ብሎ ይታሰር። ትልቅ ፊውዝ አስገብቼ ልገላገለው እንዳትል በፈጠረህ፣ ያኔ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

አሁን ወደ በተኑ። ቱቦው በቀጥታ ሲሰካ የሚገባ ከሆነ ትራንስፈሩም ዲያፍራሙም (በቫኪዩም ተስቦ ፎር ዊሉን የሚያስገባው) ጤነኛ ናቸው፣ የማይሰራው ቫልቮቹ ወይ የሚያዛቸው ሽቦ ነው። በተኑ ተጭኖ ቫልቩ ሶኬት ላይ ቮልት መኖሩን ለካ። ከሌለ የበተኑ መስመር ነው። ቮልት እያለ ቫልቩ ቀጭ የሚል ድምፅ ካላሰማ ግን እኔ የምጠረጥረው ካምቢዮው የወጣው ከ24 ቮልት መኪና ነው። ዲዝል ላንድክሩዘሮች እንደ ሀገሩ በ12ም በ24ም ተሰርተዋል፣ በጃፓን ገበያ የነበሩት ብዙዎቹ 24 ናቸው። የ24 ቮልት ቫልቭ በ12 ሲሰጡት የሚያገኘው ጉልበት ሩብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አይስብም፣ ወይ ሲቀዘቅዝ ስቦ ሲሞቅ ይለቃል። ኦም ለካው፣ የ12 ቮልት ቶዮታ ቫልቮች አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ኦም መሀል ናቸው፣ ያንተ መቶውን አልፎ ከሄደ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። መፍትሄው የ12 ቮልት ቫልቭ ፈልጎ መቀየር ነው፣ ዋናው ነገር የቱቦ አፎቹ አሰራር አንድ ይሁን፣ ዲያፍራሙ ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ በኩል ሲሳብ ሌላው በኩል አየር ማግኘት አለበት፣ ካላገኘ በግማሽ ይቀራል።

ያንተ መኪና 12 ይሁን 24 ደሞ ባትሪ በመቁጠር አትወስን። ሁለት ባትሪ ኖሮት 12 የሆነ ሞልቷል፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ከታሰረ 12 ነው፣ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ነጌቲቭ ከታሰረ 24 ነው። ቫልቩ እንዲሰራ ብሎ 12 ቮልት መኪና ላይ ባትሪ እያገናኘ 24 ለማውጣት የሚሞክር ሰው አይቻለሁ፣ እባክህን እሱ ውስጥ እንዳትገባ።

አንድ ነገር ደሞ ከሁሉም በላይ ልብ በልልኝ። ያንተ 2ኤች ላይ ቫኪዩሙ የሚመጣው ዲናሞው ጀርባ ላይ ካለችው ፓምፕ ነው፣ የፍሬን ሰርቮውም (ፔዳሉን የሚያቀልልህ) የሚጠቀመው እሷኑ ነው። መካኒኩ ለሙከራ ቱቦ ሲያገናኝ ከሰርቮው መስመር ቀጥሎ ከሆነ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ መኖሩን አረጋግጥ፣ የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ ቀይር። ፎር ዊል ባይገባ ትሄዳለህ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ድንጋይ ሲሆንብህ ግን ምን ታደርጋለህ?

የቀረው ትንሽ ነው። ሞተሩን ስታስነሳ ሞተሪኖው ሰነፍ ከሆነ፣ ከካምቢዮው ወደ ሻንሲ የሚሄደውን የነጌቲቭ ገመድ መልሰው ማሰራቸውን እይ። እኔ ወጣት ሆኜ የሰራሁት አንድ መኪና ላይ ይቺን ገመድ ረስቻት ቁልፍ ሳዞር ሞተሩ እህህ እያለ ይዞራል፣ ከቦኔት ስር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ስከፍተው የነዳጅ መስጫው ገመድ ሽፋኑ ቀልጦ እየጨሰ ነው፣ በጣቴ ስነካው አቃጠለኝ። የሞተሪኖው ኃይል መመለሻ ሲያጣ በዛች ቀጭን ገመድ ነበር የሚመለሰው። ባለቤቱ ቆሞ ያየኝ ነበር፣ ይቅርታ ጠይቄ ገመዷን በራሴ ብር ገዛሁለት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የማስራት እሷን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ሻርጃ ነው የምሰራው። ወንድሜ ጅማ ላይ ያለችውን ላንድክሩዘር ካምቢዮ ሊቀይር ስለሆነ ከዚ ያገለገለ እንድልክለት ነገረኝ። እዚ ከተበተኑ መኪኖች ላይ ነው የሚሸጡት፣ ካምቢዮና ትራንስፈሩን ብቻ ልላክ ወይስ ሌላ ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልካም አስበሃል። ካምቢዮው ገና መኪናው ላይ እያለ ከደረስክ ትልቅ እድል ነው። ሶኬቶቹን ከስዊቹ ላይ ነቅለው እንዳይጥሉብህ፣ ከነሽቦው ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ይቁረጡልህ፣ እዚ ሀገር ካምቢዮ ይገኛል ትክክለኛዋ ሶኬት ግን አትገኝም፣ ከዛ ሰው ምላሷን በፕላስ ጨብጦ በናስትሮ ጠቅልሎ ይሄዳል። በበተን የሚገባ ከሆነ በተኑን፣ ቫልቮቹን ከነማሰሪያ ብረታቸው፣ ሪሌ ካለው ሪሌውን፣ የጎማ ቱቦዎቹንም ውሰድ። ሳይነቅሉት በስልክህ ከየአቅጣጫው ቪዲዮ ቅረፅ፣ የትኛው ቱቦ የት እንደሚሄድ ለወንድምህ ያለሱ አይገባውም። የባትሪውን አስተሳሰር አይተህ 12 ይሁን 24 ካምቢዮው ላይ በቀለም ፃፍበት።

የፍጥነት መለኪያውንም እይ። የወንድምህ መኪና በገመድ የሚሰራ ከሆነና የምትልከው ትራንስፈር ላይ ሽቦ ያለው ሴንሰር ከተገጠመ ቆጣሪው አይሰራም፣ ለገመድ የሚሆነውን ከነትንሿ ጥርስ ፈልግለት፣ ወይ እሱ ከድሮው ትራንስፈር አውጥቶ ይሞክር፣ ከገባለት ጥርሱን ቆጥሮ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? 80 ላንድክሩዘራችን ኦቶማቲክ ነበር፣ ተበላሽቶ ማንዋል ካምቢዮ አስገጠምንበት። ከዛ በኋላ ቁልፍ ሳዞር ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሞተሪኖው ግን ቀጭ እንኳን አይልም። ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሪኖው ሞቷል ብለው አዲስ አስገዙኝ፣ ያው ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የማደርሰው በሱ ነበርና ባጃጅ ላይ ወድቄያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ሞተሪኖሽ አልሞተም፣ የድሮውንም እንዳትጥዪው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ጎን ላይ የማርሹን ቦታ የሚያውቅ ስዊች አለ፣ ፒ ወይ ኤን ላይ ካልሆነ ሞተሩ እንዳይነሳ የሞተሪኖውን መስመር ይቆርጣል። ካምቢዮው ሲወጣ ስዊቹም አብሮ ወጣ፣ ሶኬቱ አሁን ወለሉ ስር ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ መስመሩም እንደተቆረጠ ቀረ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱ ላይ ወፈር ያሉትን ሁለቱን ሽቦዎች ይፈልግ፣ አንዱ ቁልፉ ወደ ማስነሻ ሲዞር ብቻ 12 ቮልት የሚመጣበት ነው፣ ሌላው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሞተሩ ይነሳል። ግን ዝም ብሎ አገናኝቶ እንዳይሰጥሽ! እንደዛ ከሆነ ማርሽ ገብቶ እያለም ይነሳል፣ ግቢ ውስጥ ልጅ ቁልፍ ቢያዞር መኪናው ይዘላል። በፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ ስዊች ይግጠምልሽ፣ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እንዳይነሳ፣ ርካሽ ነገር ነው፣ እኔ ቤተሰብ የሚነዳው መኪና ላይ ያለሱ አላስረክብም።

የኋላ ማርሽ መብራትም በዛው በድሮው ሶኬት ነበር የሚያልፈው፣ ስለዚህ አሁን ሳይበራ ይሆናል፣ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች አዲሱ ካምቢዮ ላይ ወዳለው ስዊች ያዙሩልሽ። ለቦሎ ምርመራ ስትሄጂ ይጠይቁሻል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የድሮውን ሞተሪኖ ባትሪ ላይ ያስሞክሩልሽ፣ ከዞረ አዲሱን ለገዛሽበት ሱቅ እንዲመልሱልሽ ጠይቂያቸው፣ ሳይለኩ ነው ያስገዙሽ።