በ6 ቀን ማራ ብቻ ወይስ ሴሬንጌቲም ይጨመር?

ወንድሜ፣ ነሐሴ ውስጥ ስድስት ቀናት አሉኝ፣ የኬንያውን የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ማሳይ ማራን ብቻ ልይ ወይስ የታንዛኒያዎቹን ሴሬንጌቲንና ንጎሮንጎሮን ልጨምር ብለሃል። እኔ ብሆን ማራ ላይ 4 ሌሊት አድር ነበር። መመለሻዬ ላይ ናይቫሻ ሐይቅ ጎራ ብዬ ጉማሬዎቹን አያለሁ።

ካርታ ላይ ማራና ሴሬንጌቲ ጎረቤት ናቸው። በመኪና ግን በኢሴባኒያ፣ በኬንያና ታንዛኒያ ድንበር መሻገሪያ፣ ዞረህ ነው የምትገባው፤ ቀንህን መንገድ ይበላዋል። ከናይሮቢ ማራ ራሱ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል።

ነሐሴን መምረጥህ ጥሩ ነው። ዋይልድቢስቶቹ (በመንጋ የሚሰደዱ ትልልቅ የሜዳ እንስሳት) የማራን ወንዝ የሚሻገሩበት ወቅት ነው። ግን ትዕግስት ይጠይቃል። መንጋው ወንዙ ዳር ለሰዓታት ሊቆም ይችላል። አንዷ የፊት እግሯን ውሃው ውስጥ ነከር ታደርግና ትመለሳለች። ከዚያ አንዱ ዘሎ ሲገባ ሁሉም ይከተለዋል፤ አቧራው፣ ጩኸቱ፣ ከታች አዞው! ሹፌርህ ለመሄድ ቢቸኩል እሺ አትበል። ዳርቻው ድረስ እንዲጠጋም አትጠይቀው። መኪኖች መውረጃውን ሲዘጉባቸው ፈርተው ይመለሳሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ንጎሮንጎሮን ለየካቲት አቆየው። ያኔ እዚያው አካባቢ ባለው ንዱቱ ሜዳ ላይ የዋይልድቢስት ግልገሎች ይወለዳሉ፣ ጥቁር አውራሪስም በንጎሮንጎሮ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ትፈልጋለህ።

ጃኬት ያዝ፣ ንጋት ላይ ይበርዳል።