ለሲዝን መክፈቻ ከሆነ ድሬሱን ያዢ

እህቴ፣ ከ17 ዓመት ልጅሽ ጋር ከዳላስ ስትመጡ ኒው ዮርክ ውስጥ በቀጥታ የሚተላለፈውን የአሜሪካ አስቂኝ የቴሌቪዥን ፕሮግራም የ«ሳተርደይ ናይት ላይቭ»ን አዲስ ሲዝን መክፈቻ ስቱዲዮ ገብታችሁ ለማየት መሰለፉ ያዋጣል ወይ፣ ልምምዱ ይሻላል ወይስ ቀጥታው ብለሽ ነበር። እኔ እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 የ50ኛውን ሲዝን መክፈቻ ተሰልፌ ገብቻለሁ። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በጣም ያዋጣል። ግን ድሬሱን፣ ማለትም ልምምዱን ያዢ።

ፕሮግራሙ ቅዳሜ ማታ ሁለት ጊዜ ይሠራል። 8 ሰዓት ላይ ሙሉ ልብስ ተለብሶ፣ ተመልካች ገብቶ ልምምዱ፤ 11:30 ላይ ቀጥታው። በመሃል የፕሮግራሙ አዘጋጅ ሎርን ማይክልስ ከጸሐፊዎቹ ጋር ተቀምጦ ያልሠመሩትን ጭውውቶች ያወጣል። ስለዚህ ድሬስ የገባ ሰው ቴሌቪዥን ላይ የማይደርሰውንም ያያል። አጠገቤ የተሰለፈ ልጅ ቀጥታውን መርጦ፣ ቦታ ሞልቶ ተመለሰ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

አሰላለፉ ቀላል ነው። እኔ በሄድኩ ጊዜ ሐሙስ ጠዋት 10 ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ተመዝግቤ፣ ዓርብ ማታ ሮክፌለር ሴንተር 49ኛው ጎዳና ላይ ቆሜ፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ካርድ ተሰጠኝ። ክፍያ የለውም። ካርዱ ግን ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው የሚያስገባው። ለአንድ ሰው አንድ ስለሆነ ልጅሽም ራሱ ይሰለፍ፤ 16 ዓመት ስለሞላው ይገባል፣ መታወቂያውን አይርሳ።

ፕሮግራሙ የሚሠራበት ስቱዲዮ 8ኤች መጀመሪያ ለሬዲዮ የተሠራ ነው፤ የታዋቂው የሙዚቃ መሪ የቶስካኒኒ ኦርኬስትራ የተጫወተበት። በቴሌቪዥን ከሚታየው በጣም ያንሳል። ኮሜዲያኗ ማያ ሩዶልፍ ካማላ ሃሪስን ሆና ስትወጣ የሕዝቡ ጩኸት ደረቴ ላይ ተሰማኝ። እኔን የያዘኝ ግን ከካሜራው ጎን ያለው ሰው ነው። የተዋናዮቹ ንግግር የተጻፈበት ትልልቅ ነጭ ካርቶን ታቅፎ፣ ተዋናዩ ቃሉን ሲጨርስ አንድ በአንድ እየሳበ ያወርዳል። ሁሉም በእጅ፣ በማርከር የተጻፈ ነው! ጭውውቱ ሲያልቅ ደግሞ ሠራተኞቹ ሶፋውንም ግድግዳውንም ተሸክመው ሲሮጡ ታያላችሁ፤ ማስታወቂያው ሳያልቅ ሌላ ቤት ቆሞ ይጠብቃል። የበዓል ዋዜማ ጭውውት ለማየት ኢቲቪ ፊት ተኮልኩለን ላደግን ሰዎች ይህን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ወንበራችሁ ከጥግ ቢሆን ቅር አይበላችሁ። እኔ ካርቶኖቹን ያየሁት ከጥግ ተቀምጬ ነው።