መልስ፦ «ላግዝሽ» ሲሉኝ ለምን እምቢ እላለሁ?
እህቴ፣ ባልደረቦችዎ «ላግዝሽ» ሲሉ እምቢ የሚሉት ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ሐዋሳ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ታካሚን «አይዞህ» ማለት አይከብደኝም፤ ለእኔ «አይዞሽ» ሲባል ግን አፍር ነበር። አንድ ሌሊት ደም የነካ መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ በውኃና በሳሙና ታጥቤ፣ ተረኝነቴን ልጨርስ ብዬ ዝም አልሁ። ጣቴን ደጋግሜ ሳይ ያስተዋለችኝ ባልደረባዬ ግን ታካሚዎቼን ተረክባ፣ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት (እኔው ለሌሎች የምነግረውን!) አስታውሳ ወዲያው ላከችኝ። መድኃኒቱን በወሰድሁባቸው 28 ቀናት ማቅለሽለሹ ሲብስብኝ «ቁጭ በይ» ትለኛለች፤ መጀመሪያ ተከራከርሁ፣ በኋላ ተቀመጥሁ። እርስዎም በሚቀጥለው ተረኝነትዎ «ላግዝሽ» ለምትልዎ ባልደረባ «ደህና ነኝ» ከማለት ይልቅ፣ «የአልጋ ቁጥር አራቱን ታካሚ ግሉኮስ ቀይሪልኝ» ብለው ይሞክሩ።